የቡሌ ውል

ባጃጅ እየገፋ ካስያዘን ጥጋት፣
ከፍራንኮ ቁልቁል፣ አንድ አቧራማ ጠዋት፣
ዶክተር ሌሊሴ መጣች፤ ቡሌን ዞራ አየቻት።
ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን መረመረች፣
ወገቧን ለካች፣ ኮቴዋን አነሳች፣
"ስንት ጊዜ ወልዳለች?" ስትል ጠየቀች።
"ሁለት። አንዱን ጅብ በላው፤
አንዱ ቦኩ ነው፣ ድንጋይ መጎተት ነው ሥራው።"

ጋሪዬ ላይ ወጥታ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣
ነገሩን አስረዳችኝ ቀስ ብላ፣ አፍታታ፦
"ከሞጆ መንገድ ማዶ ወለባ አለች፣ ባለ ዋንጫ፣
እግሯ ገና ያልጠገበ ሩጫ።
ጌታዋ ዘሯን ይሻል፤ ሆዷ እንዲከብድ አይሻም፤
ዓመት ሙሉ ጋጣ ዘግቶ ሊያስቀምጣት አይችልም።
ስለዚህ ድንጉላው ዘሩን ይስጣት፣
በሰባተኛው ቀን አጥበን ፅንሱን እናውጣላት፤
የአሸዋ ቅንጣት ነው፣ በጣት አይያዝም፤
ቡሌ ሆድ ይደር፤ አሥራ አንድ ወር ሩቅ አይደለም።
ብቻ ቀኑ ይግጠም፦ ወለባ እንቁላል ከጣለች፣
ቡሌ በማግስቱ፣ ቢበዛ በሠልስቱ፣ ከተከተለች።
ካልገጠመ፣ ቤት ሳይሰናዳ እንግዳ መጥራት ነው፤
ቢገጥምም ሊፈስ ይችላል፤ ልንገርህ፣ ዋስ የለው።"

እኔ የማውቀው ጭነት ነው።
ሲሚንቶ ጭናለች፣ ጤፍ ጭናለች፣ ሙሽራ ከነሚዜው፤
አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት፣ ዝናብ እየጣለ፣
ባቡር ጣቢያው ጋ ሳንደርስ ልጁ ዋይ አለ።
የሰው ዕቃ ከላይ ሲጫን ጀርባዋ ይላጣል፤
የሰው ዕቃ ከውስጥ ሲጫን፣ ምኗ ይቆስላል?

"እንገሩስ?" አልኳት፣ "የማን ነው?"
"የቡሌ። ከበሽታ የሚጠብቀው እሱ ነው።
ጠባዩንም ከእግሯ ሥር ይማራል።"
"እንግዲያማ ጉድ ፈላ! ውድድሩ ሲጋጋል፣
ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ተሳፋሪ ብሎ ይቆማል!"
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። "ቁመቷ ግን አጠረብኝ፣
አራት ጣት። ቤቱ ጠቦት ቀጭጮ እንዳይወጣ ሰጋሁኝ።"

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። ከበቡሽ አነበበችልኝ፦
"ውርንጭላው የባለቤቱ፤ ባዝራዋ ብትሞት ካሣ፤
እስክትወልድ ጋሪ አትጎትት፤ ገብሷ በየቀኑ አይረሳ።"
እኔን የያዘኝ ገብሱ ነው። ብሩ አይደለም።
ብሩም ነው፤ ምን አስዋሸኝ።
ግን አሥራ አንድ ወር ጥላ!
ኮረብታው ላይ ነፋስ የሚያሾረው ክንፍ እንኳ ያርፋል አንዳንዴ፤
ቡሌስ የብረት ናት እንዴ?

ማክሰኞ ማሽኑን ይዛ መጣች፣
ጓንቲዋን እስከ ብብቷ አጠለቀች፣
ስክሪኑን ወደ ጥላ አዞረች።
አየች። ደግማ አየች።
"ዳዲ፣ ይህ ቤት ተከራይ አለበት።"
"የምን ተከራይ?"
"አርባ ቀን ይሆነዋል። ልቡ ይመታል፤ ና እይ።"
ጥቁር ውሃ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ፣ ጥቅስ፣ ጥቅስ።
ምናልባት ቦኩ ነው፣ ውሃ ስናጠጣ፣
ያ ሰንሰለቱን በጥሶ የመጣ።

"ይህኛው ወጥቶ ያኛው አይገባም?" አልኩ።
አልኩ፤ አልደብቅም፤
ገብሱን በልቤ ሰፍሬ ጨርሼ ነበር።
ዶክተሯ ጓንቲዋን ማውለቁ ረዘመባት። አልመለሰችልኝም።
ቡሌ በጭራዋ ዝንብ መታች።

አባቴ ሸማኔ ነበር፦ "ውሉን የያዘ
ልቃቂቱ ራሱ ይፈታለታል" ይል ነበር።
እኔ ውሉን ኪሴ ከትቼ፣ ሳልፈርም፣
ክሩ የት እንደገባ ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ሲሚንቶ ሊያስጭን ጠራኝ።
"ስምንት ኩንታል!"
"አምስት" አልኩት።
"ትናንት ስምንት ጭነህ አልነበር? ምነው ዛሬ?"
መቀነቷን አላላሁላት፣ አንድ ቀዳዳ።
"የራሷ ዕቃ አለባት።"