የመጽሐፉ ኪስ

በሃርላን ፎልስ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ሥር፣
ማሞቂያው በሚያቃስትበት፣ በምድር ቤቱ በር፣
«ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል አንድ ወረቀት፤
ሦስቴ ስታልፈው አየሁ፣ ለጠበቆች ብቻ መስሏት።

ከዶሮ ፋብሪካ፣ ከነሽርጧ መጥታ፣
ገባች በአራተኛው፣ የራሷን ኮቴ ፈርታ።
የአከራይዋን ደብዳቤ ዘረጋች። ኦርቪል አየና፦
«ምክር መስጠት አልችልም፣ ሕጉ ይከለክለኛል፤
መጽሐፍ ማሳየት ግን፣ እሱ ተፈቅዶልኛል።»

ቀዩን ጥራዝ አወረደ፣ አቧራው እየወደቀ፤
አነበበች፦ «ሦስት ቀን»። ጣቷ እዚያው ደረቀ።
ኪሷን ዳበሰች፤ የወጣው የአውቶቡስ ቲኬት፤
ጠበቃ ለአንድ ሰዓት የሳምንት ደሞዝ ይላል፣ ለኛ ቢጤ ሴት።

«ልጆቼን የት ላድርስ?» አለች፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ።
ኦርቪል መነጽሩን ጠረገ፣ ቀና ሳይል፦
«የመጽሐፉን ኪስ አይተዋል? ከጀርባው ሽፋን ኋላ?»

ገለበጠችው። እውነትም ኪስ ነበረው፣ እንደ ኮት፣
ቀጭን ወረቀት ታጥፎ የተሸጎጠበት፣
ካለፈው ክረምት ወዲህ የተለወጠው ሁሉ ያለበት፤
ሦስቱ ተሰርዞ፣ አሥራ አራት የተጻፈበት።

ሃያ ሳንቲም ከፈለች። ማባዣው አንዴ አጓራ፣
«በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው ከግንብ ሥር እንደተጣራ።

ደረጃውን ወጣች፤ ዳኛው ምን እንዳሏት አልሰማሁም።
ቬርና መባሏን ያየሁት ከመግቢያው መዝገብ ነው፤ ሌላ አልጠየቅሁም።
ብቻ እኔም በጎን ጠረጴዛ፣
የፍቺ ጥራዜን ከድኜ፣ ልሄድ የነበርኩት፣
የኋላ ሽፋኑን በቀስታ ከፈትኩት።