መሪ ለመቀየር

ታፒዮ ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ
ሂሳቤን ጻፈልኝ የካርቶን ጫፍ ቀዶ፤
ዕቃው መቶ አስር፣ ጉልበት መቶ ሰማንያ፤
"እንዲህ ነው፣ ፒርኮ፣ የኬሚ ገበያ።
ያውም ወረፋ አለ፤ በረዶው ሲቀልጥ፣
ከተማው በሙሉ ሞተሩን ሲገልጥ፣
ከፋሲካ በፊት ተራሽም አይደርስ።"
ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ፣ ቀስ በቀስ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በወረቀት ፋብሪካ
ጥቅል ሳንከባልል፣ ክብደቱን ስለካ
ትከሻዬ አረጀ። ያ ዝቅ ያለ መሪ
አጎንብሺ ይለኛል፣ አጎንብሰሽ ብረሪ።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ማጎንበስ በቃኝ።
ዕቃውን ብቻ ገዛሁ፣ ቀና የሚያደርገኝ።

ሁለት እጅ እያለኝ ስለምን ብዬ
ጋራዤን ከፈትኩት፣ መብራቴን ሰቅዬ።
ገመዱን ፎቶ አነሳሁት ልክ እንደ ሙሽራ፣
ፊት ለፊት፣ ከጎኑ፣ በቀኝና በግራ።
ታንከሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጀቦንኩ፣
የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል እያልኩ።

የእጅ መያዣው ጎማ ሙጭጭ አለ እንደ ዕዳ፣
በሳሙናም ሳይሆን በስድብ ተረዳ።
ሲወጣ እንቢ ያለው ሲገባም እንቢ አለ፤
የልጄ የፀጉር ስፕሬይ ይኼን ጣጣ ቻለ።
(እስከ ዛሬ ድረስ ሞተሬ ይሸታል፣
ቀጠሮ እንዳላት ሴት።)

በማብሪያው ቤት ውስጥ አለች አንዲት ጥርስ፣
በድሮው መሪ ላይ ገብታ የምትነክስ፤
አዲሱ ቀዳዳ የለው። መሰርሰሪያ ይዤ
አንድ ሰዓት ቆምኩኝ፣ በፍርሃት ፈዝዤ።
ሰባት ጊዜ ለካሁ፣ በስምንተኛው በሳሁ፣
በእጄ መንቀጥቀጥ ላይ እኔው ራሴ ሳቅሁ።

ሲመሽ ተጠናቀቀ። ቀንዱን እንዳቀና
አጋዘን ቆመልኝ። ይኸው! አልኩና
ቁልፉን አዞርኩት። ተነሳ። አገሳ።
መሪውን ወደ ግራ ጥግ ድረስ ሳዞረው
ሞተሩ ጮኸብኝ፤ ነዳጁን ማነው
የጨመረለት? እጄ አልነካም።

ገመዱ ነው ለካ! ለአጭሩ የተለካ ገመድ
አልበቃ ብሎ ነው ለአዲሱ መንገድ።
ለካ መሪ መለወጥ ቀላሉ ሥራ ነው፤
ከሥሩ ያለውን ገመድ ማን አየው?
(ስለ ሞተር ነው የማወራው።)

ይኼ ቢደርስብኝ ከድልድዩ ኖሮ፣
ሞተሩ በራሱ እንዲያ ተወርውሮ —
ቁልፉን አጠፋሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤
አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ ጸጥታ አደመጥኩ።

ረጃጅም ገመዶች በፖስታ አስመጣሁ፣
የነዳጅ፣ የፍሪሲዮን፤ ራሴው አስገባሁ።
ፍሬን ላይ ስደርስ ግን እጄ ተሰበሰበ፤
ኩራቴ ቁጭ ብሎ ከራሱ ጋር አሰበ።
አየር የገባበት ፍሬን ይዋሻል፤
ሲይዙት ያለ መስሎ ሲጫኑት ይሸሻል።

ሁለት ኪሎሜትር ገፍቼ ታፒዮ ጋ ሄድኩ፤
"ፍሬኑን ብቻ ሥራ" አልኩት፣ ላቤን ጠረግኩ።
ዞሮ ዞሮ አየና ምንም አልተናገረ፤
አንዷን ብሎን ነክቶ ሩብ ዙር ጨመረ።
"ይቺ ላልታ ነበር።" ይኸው ነው።
ሰባ አምስት ዩሮ ጻፈ። ያቺን ሩብ ዙር
ፈለግሁ ከደረሰኙ፤ የላትም ቁጥር።

ሲደመር፣ ሲቀነስ፣ ያተረፍኩት ገንዘብ
ለጓንት አይበቃም፣ ደጋግሜ ባስብ።
ትከሻዬ ግን ዝም ብሏል። በወንዙ ዳር፣ ሽቅብ፣
ነፋሱን በደረቴ ስቀበል፣ ዓይኔ
ወርዶ ይቆጥራቸዋል፦
ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱን ያጠበቅኩ እኔ ነኝ፤
አራተኛዋን አላውቅም፤
ምናልባት እሷ ናት የያዘችኝ።