የአንድ ቀን ኮንትራት

እቁቤ ወጣና በኅዳር መባቻ፣
ሚኒባስ ያዝኩለት ለአባቴ ብቻ።
ሾፌሩ እርገጤ ዘወር ብሎ አየና
አሥር ባዶ ወንበር፣
«ኧረ ሰው እንጫን፤ ያሳዝናል መኪና
ባዶውን ሲበር።»
«ከፍዬሃለሁ» አልኩት።

አባቴ ዝም ብሏል።
ጣቱን ምራቅ ነክሮ በመስኮት አውጥቷል፤
ነፋስ ይለካበታል።
ምጽዋ ላይ የለመደው ነው፤ ሠላሳ ዓመት አለፈው።
መርከቡ ቀረ፣ ባሕሩ ቀረ፣
ደብረ ብርሃን ገብቶ የፋብሪካ በር ሲጠብቅ አረጀ፤
ያንን ጣት ግን አልተወው።

ከከተማው ስንወጣ ገብሱን ውርጭ አልብሶት
ሜዳው ነጥቷል።
መስታወቱን በክንዱ ጠረገና
«ጨው» አለ፣ ለራሱ።
አላረምኩትም።

እትዬ አስካለ ቤት፣ ጎረቤላ ሳንደርስ፣
ስሟ የወይን ዘለላ፣ ወይን ግን በአገሩ የለ፤
ማር ነው ያላት፣ ጌሾ ነው፣
ብርሌ ነው የተወለወለ።
ሦስት ዓይነት አስቀዳሁ። አንደኛው ገና ብርዝ፣
ጥርስ ያላወጣ ሕፃን።
ሁለተኛው ኮስታራ፤ ጉሮሮ ላይ ቆሞ
ዕዳውን ሊጠይቅ እንደመጣ ጎረቤት
የሚያስል።
ሦስተኛውን ከጓዳ፣ በመሐረብ ይዛ፦
«ለልጄ ሠርግ ነበር የጣልኩት» አለች፤
«ሠርጉ ቀረ።»
አባቴ ጎንጨት አለና ዓይኑን ጨፈነ።
ጠበቅን።
ዝንቧም ጠበቀች።
«ማሩ የግራር ነው፤ ከቆላ የወጣ።»
«አልተሳሳቱም» አለች፤ የሦስተኛውን ሒሳብ
ብለምናት አልቀበልም አለች።
እርገጤ መሪ ይዟልና ሚሪንዳ ጠጣ፤
ዓይኑ ግን ብርሌው ውስጥ ሲዋኝ ዋለ።

ከዚያ ሽቅብ፣ ጽዱን ተከትለን፣ ወደ አንኮበር ግቢ።
የተረፈው ግንብ ከእኔ ቁመት አይበልጥ፤
አስጎብኚው ልጅ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ይክባል፣
ዓመተ ምሕረት ይደረድራል፤
አባቴ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፣
«ኖራውን በዚህ ዳገት ማን ተሸከመው?» ይላል።
ልጁ ደብተሩን ገለጠ፤
ከደነ።

አፋፉ ላይ ምድር ያልቃል።
ደመናው ከአፋር ሜዳ ተነሥቶ ቆላውን ሞልቶታል፤
ዝርግ፣ ነጭ፣ ወሰን የለው፤
ኮረብታው ሁሉ ደሴት፣
ጭላዳው ገደሉ ጫፍ ተቀምጦ
እንደ ዓሣ አጥማጅ ቁልቁል ያያል።
አባቴ ኮቱን ቆለፈ፤ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣
መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስል።
«ደመና እኮ ነው አባባ» አለ እርገጤ፣ በደግነት።
«አውቃለሁ ልጄ።
ያኔም ውሃ መሆኑን አውቅ ነበር፤
ማወቅ ምን ያደርጋል?»

ስንት ደቂቃ እንደቆምን አልቆጠርኩም፤
ብቆጥርም ለማንም አልናገርም።
ፀሐይ ስትበረታ ውሃው ሳሳ፤ ከሥሩ
የቆርቆሮ ጣራ፣ የማሽላ ማሳ፣
አንዲት ግመል
በባሕሩ ወለል ላይ ስትራመድ።
«ሸሸ» አለ አባቴ። «ነገ ይመለሳል፤
እኛን ግን አይጠብቅም።»

ስንመለስ ጀምበር አዘቅዝቃ፣
ሁለት ሴቶች ከነዶሮዎቻቸው፣ አንድ ተማሪ፣
ያልተሸጠ በግ የሚጎትት ሽማግሌ
እጅ አነሱ።
እርገጤ በመስታወት አየኝ። እኔ ብሬን አሰብኩ።
አባቴ በሩን ከውስጥ ሳበው፦
«ግቡ፤ መርከብ ባዶውን አይመለስም።»

በጉ ጉልበቱ ላይ አገጩን ጣለ።
የደብረ ብርሃን መብራት ከሩቅ ሲታይ
ጣቱን ነከረ፤ መስኮቱ ግን በዶሮ ቅርጫት ተዘግቷል።
ወደ እኔ ዞረና
«ነፋሱ ከየት ነው?» አለኝ።
እኔ ምን አውቃለሁ፤
«ከኋላችን» አልኩት።
ጣቱን በበጉ ፀጉር አደረቀና
እንቅልፍ ወሰደው።