ልክ

የካቲት፣ ክራይስትቸርች፤ የበጋው ጅራት፤
ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ነፋሱ ግን ሌላ ወሬ አለበት።
ዓርብ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል መዝገቡ፤
ብሪዲ ሁላሃን ተቀምጣለች ከመስኮቴ ማዶ፣ ከግንቡ፤
ጭኗ ላይ ኮምፒዩተር፣ እጇ ላይ ግማሽ ፖም፤
አንድ ባዶ ሣጥን ቀርቷል፤ እስካሁን አልሞላም።

ፊዚክሱን ያዘች፤ ኬሚስትሪውንም ያዘች፤
ፕሮግራም መጻፍ የሚሉትን ዓይኗን ጨፍና ነካች።
ሒሳብ ላይ ሲደርስ ጣቷ ቀጥ አለ፣ እንደ በቅሎ፣
"ወንዙ ጥልቅ ነው፣ አልሻገርም" ብሎ።

ሦስት ደረጃ አለ።
ላይኛው ማረጋገጫ ይወዳል፤ "ለምን" ሳይል አያድርም።
መካከለኛው መንገድ ነው፤ ይሄዱበታል እንጂ አያወሩበትም።
ታችኛውን "መሠረት" ይለዋል መጽሔቱ፣ በጨዋ ደንብ፤
ልጆቹ ግን "አካፋ" ይሉታል፣
በምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ ሳቅ ሲደራረብ።

ከተራራው ማዶ፣ ዝናብ በማይሰለቸው ዳር፣
ካልኩለስ የሚያስተምራቸው አንድ ሰው ነበር።
ሰኔ ላይ ፐርዝ ሄደ፤ እዚያ ደመወዙ ይሻላል።
የቀረውን ዓመት ቪዲዮ አስተማራቸው፤ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤
ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣
ሁልጊዜ ኢንተግራል ላይ፣ እዚያችው ቦታ ይደርቃል።

ውጤቷ መስመሩ ላይ ነው፤ ከላይም ከታችም ያስገባታል።
ማሽኑ "ትችያለሽ" ይላል እንጂ መቼ "ይሻልሻል" ይላል?

የመኝታ ጎረቤቷ ቪራጅ ጥርሱን እየፋቀ
"ላይኛውን ያዝኩ" አላት፤ አረፋው አገጩ ላይ ደረቀ።
አማካሪዋ ናይሪ ቶምሊን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፦
"ላይኛው ክፍል ሰው ይበላል፤ ዛሬ መቆሚያም የለም፤
በፋሲካ እግርሽን ዘርግተሽ ትቀመጫለሽ።
ግቢ አልልሽም። አትግቢም አልልሽም።"

ምሳ ሰዓት ላይ ስቴፕለር ልትዋስ መጥታ
ስለ አባቷ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት።
ዴኒስ ላም ያልባል። ከበረቱ ጀርባ
የናፍጣ ጋን አለው፣ በጎኑ የተጋደመ፤
ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቀው በዱላ ነው።
ሃምሳ ሊትር ያፈስሳል፣ ዱላውን ይነክራል፣ በካራ ይጭራል፤
ደግሞ ሃምሳ፣ ደግሞ ጭረት።
ከታች ጭረቶቹ ተራርቀዋል፣ መሃል ላይ ተጠጋግተዋል፣
ከላይ እንደገና ይራራቃሉ።
በሰባት ዓመቷ ጠየቀችው፦ "ለምን እኩል አልሆኑም?"
"ጋኑ ክብ ነዋ!" አላት። ሌላ ነገር አልጨመረም።

"እና ያ ሁሉ" አለችኝ፣ ስቴፕለሩን ከፍታ እየዘጋች፣
"ያ ሁሉ ጭረት ኢንተግራል ነበር፤ ስሙን ማንም አልነገረኝም።"
ላይኛውን ልትይዝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።
ዓይኗ እንደዚያ ነበር።

በእኔ ቋንቋ "ልክሽን እወቂ" ስድብ ነው፤
ከኋላ የሚወረወር፣ አንገት የሚያስደፋ ነው።
ልክ ግን ትክክልም ነው፤ ልክ መስፈሪያም ነው፤
ዴኒስ ያን ዱላ ሲጭር የጀመረው
ከባዶ ጋን ነው።

አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ሲቀረው ጣቷ ወረደ፤
ሁለት ሣጥን አለፈ፣ ታችኛው ላይ ነገደ።
ዋጋ አለው። ጥር ላይ ሌሎቹ ባሕር ሲገቡ
እሷ መካከለኛውን ትማራለች፣ በሙቀት፣ በባዶ ግቢ፤
ካለዚያ የኤሌክትሪኩ በር አይከፈትላትም።
ይህን ታውቃለች። ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።

ስልክ ስትደውል መስኮቴ ክፍት ነበር።
"አባዬ፣ ታችኛውን ያዝኩ።"
ዝምታ። ከወዲያ የላም ድምፅ።
"ስንት ጎደለሽ?"
"እኔ እንጃ" አለች፤ "ዱላ ላክልኝ።"
ሳቀ መሰለኝ፤ ወይም መስመሩ ተቆረጠ።

ግማሹ ፖም ግንቡ ላይ ጠቁሯል።
አነሣችው፣ አገላብጣ አየችው፣
ከጠቆረው በኩል ገመጠችው።