ቃለ ጉባኤ ቁጥር አሥራ ሰባት

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ዳኛም ሽማግሌም አይደለሁ፤
የተባለውን ብቻ፣ ካርቦን አንጥፌ፣ በሁለት ቅጂ እጽፋለሁ።
ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ጣሪያው በፀሐይ የሚንጣጣ አዳራሽ፤
ወንበሩ ተቆጥሮ የተደረደረ፤ ጠቡ ሲበርድ የሚያገረሽ።
ሰባት ከዚህ፣ ሰባት ከዚያ፣ ስብሰባው ግን አሥራ ሰባተኛ፤
በር ላይ ዘበኛ የለም፤ የቂሙ ዕድሜ ነው ዘበኛ።

ከመስኮቱ ትታያለች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች ጉማሬ፣
ስለ እሷ የተባለውን ያልሰማች፣ የማትሰማም ዛሬ።
ሐይቁ ሞልቶ ከምድር ሳይቆርጣት የአንድ ቀበሌ ግጦሽ ነበረች፤
ከተቆረጠች ወዲህ በእሾህ ሽቦ መሐል ለመሐል ታጠረች።
ሠላሳ አንድ ዓመት። ሽቦው ዝጎ ረግፎ አልቋል፤
ግን ማንም አይሻገርም፤ እግራቸው መስመሩን ያውቃል።
አባ ኮዳ ብቻ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ካቦርቱን ደርቦ፣
ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ ይራመዳል፤
የሁለቱንም ወገን የዓሣ አንጀት ይበላል ሰብስቦ።

አያ ላንቃሞ ገመድ አወጣ፣ በየክንዱ የተቋጠረ፤
«አባቴ በዚህ ለካት» አለ፣ እየሳበ፣ እየቆጠረ።
ሹራሞም ከጉያው ሳበ፣ ቅባት የጠጣ፣ የኮሰሰ፤
ጫፍ ለጫፍ ሲጋጠሙ
የአንዱ ክንድ ከሌላው በሦስት ጣት አነሰ።
የሳቀ የለም። እኔም ጻፍኩት፦
«ጥቂት ዝምታ፤ የአምስት ደቂቃ ዕረፍት።»

ቀያሹ ወጣት ካርታውን ግድግዳ ላይ አበራ፤
«እኩል ለሁለት!» አለ፣ እንደሚቆረጥ ሸንኮራ።

ያኔ ዳመነች ተነሣች፣ ከኋላ ረድፍ፣ ዓሣ ሻጯ፤
የጠዋቱ ቆሮሶ ቅርፊት ገና ያልለቀቀው እጇ።
«እኩል ማለት ልክ ነው እንዴ? ወደቡ በኛ በኩል፣
መቃብሩ በነሱ። ይኼ በምን ሚዛን ነው የሚስተካከል?
እነሱ ታንኳ ማሰሪያ የላቸው፤ እኔ የናቴን አፈር አልነካሁ፤
በየዓመቱ ከውሃው ላይ ሆኜ እጄን አውለብልቤ እመለሳለሁ።
ግማሹን ቆርጠህ ስትሰጠኝ እናቴ የት ልትደርስ ነው?
ካርታህ ላይ ውሃው ሰማያዊ ነው፤
እኔን የለየኝ ግን ውሃ አይደለም፣ ሰው ነው።»

ቀያሹ ካርታውን አጠፋ። ላንቃሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ሹራሞ ገመዱን ጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር አደረገ።
በአፊኒ ወግ ነበርና አንዱ ለሌላው «ሰማህ ወይ?» አለ፤
«ሰምቻለሁ» እስኪል ድረስ ነገሩ ካለበት ፈቀቅ አላለ።
ሰማህ ወይ፣ ሰማሁ፣ ሰማህ ወይ፣ እስኪመሽ፣ እንደ ቀዘፋ፤
የእስክሪብቶዬ ቀለም ሁለቴ ጠፋ።

ጻፍኩ፦ ወደቡ የሁለቱም። መቃብሩ ቁልፍ አይኑረው።
ጻፍኩ፦ ደንገሉን በየተራ ማጨድ፤ ዘንድሮ ይጀምር ያልነበረው።
ጻፍኩ፦ ለተቃጠሉ ታንኳዎች ካሣ። እዚህ ጋ ሁሉም ተነሡ፤
«ዘጠኝ ነው!» «አሥራ አራት!» ወጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ተመለሱ።
አሥራ አንድ ተባለ። ያቺን ቁጥር ማንም እሰይ አላላት፤
እኔ ግን በፊደልም በአኃዝም ደግሜ ጻፍኳት።

የቀረው ስሟ ነበር። እነዚህ በአንድ ስም ይጠሯታል፣
እነዚያ በሌላ፤ የአንዱን ብጽፍ የሌላው ደም ይፈላል።
«ዝም ብለሽ ተይው» አለ ላንቃሞ። «ክፍት ተይው» አለ ሹራሞ፣
ሳይማከሩ፣ ሳይተያዩ፣ የሁለቱ ሐሳብ ገጥሞ።
ስለዚህ ከ«ደሴት» በፊት የአንድ ስም ስፋት ባዶ ተውኩ፤
አውራ ጣታቸውን በሰማያዊ ቀለም ነክሬ አስፈረምኩ።
ነፋስ ከሐይቁ ገባ። ወረቀቱን በክንዴ ያዝኩ፤
ካርቦኑን ገልጬ ሁለተኛውን ቅጂ አየሁ፦
ባዶው ቦታም ወርዷል፣ ልክ በቦታው።

ዳመነች ከታች፣ ከጀልባዎቹ ዘንድ፣ ዋጋ ትከራከራለች፤
«ለነገ ጠዋት» ትላለች።
«ደርሶ መልስ?» ይላታል ቀዛፊው።
«ደርሶ መልስ።» ጥቂት ዝም ብላ፣
«መቆያም ጨምርበት» አለች።