አምስተኛው ግንብ

ከኑኩስ ወጣሁኝ ሰማዩ ሳይነጣ፣
በኪሴ ወረቀት፣ የቀን ሙሉ ጣጣ፤
አምስት የፍርስራሽ ስም በሰዓት ተከፍሎ፣
ከየስሙ ጎን ላይ ባዶ ሳጥን ተሥሎ።
ብቻዬን ነኝ። የሚያዘገይ፣ የሚያስጠብቅ ሰው የለኝ፣
"ጫማዬን ልሰረው"፣ "ቆይ፣ ውሃ ጠማኝ" የሚለኝ።

ሳፓርባይ ይነዳል ያረጀች ነጭ ላዳ፣
መስኮቷ አይዘጋም፤ አቧራው እንደ እንግዳ
ከኋላ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤
ሾፌሩ ባንድ እጁ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።
በመሃላችን ያለው የተሰባበረ ሩሲያኛ፣
ሲጎድል እጅ ያወራል፤ ሲበዛ ዝምታ ዳኛ።

ቺልፒክ አንደኛዋ፤ ክብ ዘውድ በኮረብታ ራስ፣
ጥንት ሬሳ የሚሰጣባት፣ ለአሞራ የሚደገስ።
ሽቅብ ሮጥኩ፣ ቁልቁል ሮጥኩ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤
ከታች አሙ ዳርያ በደለል አረጀ።
ሳጥኑን ሞላሁት።

ቀዩ ግንብ ሁለተኛ፤ ገሚሱ ታድሷል፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳስተከለ ሽማግሌ ይስቃል።
ሦስት፦ ቶፕራቅ ቃላ፣ የአፈር ቤተ መንግሥት፣
የንጉሥ አዳራሽ፣ ዛሬ የእንሽላሊት።
ጥላዬ ሙቀት ፈርቶ ከጫማዬ ሥር ገባ፣
ካሜራዬም ዐይኑን ጨፈነ፤ ባትሪው አልረባ።

አራት፦ አያዝ ቃላ፤ ገደል አፋፍ፣ ነፋስ ያለበት፣
በቀስተኞች ሽንቁር ወፍ ጎጆ የሠራበት።
"ማን አፈረሰው?" አልኩ፣ "የትኛው ጦር? ማን ጠላት?"
ገለባውን ተፋ፤ ብዙ ቃል ሲያወጣ ሰማሁት ገና በዚያ ዕለት፦
"ወንዙ ሄደ። ሰውም ወንዙን ተከትሎ ሄደ።
የሚመርገው ሲጠፋ ግድግዳው ራሱን ናደ።
የእናቴ ቤትም ጭቃ ነው፤ ከዚሁ አፈር፣ ከዚሁ ጭድ፤
ሳትመርገው ያለፈች ዓመት የለችም፤ ለዚህ ነው የማይናድ።
ዛሬም ጭቃ አቡክታለች፤ ካልቸኮልክ እንሂድ።"

ሰዓቴን አየሁት። አምስተኛው ስድሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤
ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ ወረቀቴ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ቢቢሳነም ከቡኮው አጠገብ ቆመው፣
ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣
"ከየት መጣህ?" አላሉኝ፤ ስሜንም አልጠየቁ፤
ጫማዬን አዩና "አውልቅ!" አሉ፤ ሳቁ።

ጭቃው ለካ ቀዝቃዛ ነው፤ በጣት መሃል ይገባል፣
ጭዱ ይኮረኩራል፣ ቁርጭምጭሚት ይስባል።
ረገጥኩ። ረገጥኩ። እሳቸው በመዳፍ ያነሳሉ፣
ጥፍ ያደርጉና በእርጥብ እጅ ያለሰልሳሉ።
ከሥር የአምና ጣቶች፣ ከዚያ ሥር የሌላ፤
ከአርባ ምርጊት በታች የአማታቸው መዳፍ አለች፣ እንጃ፣ ተከልላ።

ማታ፣ ላዳዋ ውስጥ፣ ወረቀቱን አወጣሁ፤
አራቱ ተሞልቷል፤ ለአምስተኛው እስክሪብቶ አጣሁ።
ጥፍሬ ሥር ጭቃ አለ። ሳጥኑ ባዶ ነው።
በአውራ ጣቴ አተምኩት፤ መረግሁት ልበለው።
ሳፓርባይ አየና "ሲደርቅ ይረግፋል" አለኝ፤
"ከርሞ ና እንግዲህ" ብሎ የሱፍ ፍሬ ዘገነልኝ።