ሦስት ወንበር

የወተት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የተበሳ፣
ስም አወጣንለት፣ አልነው «አቶ ካሳ»።
ማታ ከራስጌዬ፣ ቀን ከሣጥን ኋላ፣
ዝም ብሎ ይኖራል ሳንቲም እየበላ።
ዓሣ እበልታለሁ በሐይቁ ዳር ማኅበር፤
ይበልጣል ሹፌር ነው፣ የባጃጅ፣ የሦስት ወንበር።
ጥር ላይ ነው ብለናል፤ የትኛው ጥር እንደሁ
እሱም አላነሣ፣ እኔም ዝም አልሁ።

ከሥራ ስመለስ እሄዳለሁ በእግሬ፣
የመንገዷን አሥር ብር ከነጠላዬ ቋጥሬ።
ከኋላዬ ደርሶ ጥሩንባውን ሲነፋ፣
«ግቢ እንጂ!» ይለኛል፣ «እግርሽ ለምን ይልፋ?»
«ስንት ነው?» እላለሁ። «ላንቺማ ስጦታ!»
«የሚከፍል ሰው ይግባ፣ እኔ በምይዘው ቦታ።»
አንዱ ወንበር ጌሾ፣ ሁለቱ ወንበር ጨው፣
ሦስቱ ሲሞላማ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ነው።
ሳቀና አለፈኝ፣ አቧራ ለቆብኝ፤
ሁለት ሴቶች ጭኗል፤ ከፋይ ናቸው፣ ደስ አለኝ።

በርበሬ በኅዳር፣ ዋጋው ሲወርድለት፣
ገዝቼ አሰጣሁት ከቆርቆሮው አናት፤
ጎረቤቶች ሁሉ ሲያስነጥሱ ዋሉ፣
«ሠርጉ ሳይደርስ በፊት አለቅን» እያሉ።
ጌሾው ከጓሯችን፣ እናቴ ተክላለች፤
እኔ ስወለድ ነው፣ ብላ «ትደርሳለች»።
ማኅበሩ ይጥላል የቀረሶውን ራስ፤
ሾርባ አድርጌዋለሁ፣ እስኪሰለቸኝ ድረስ።
ይበልጣል ትቶታል የማለዳ ማኪያቶ፤
ሐይቅ ዳር ይቆማል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።
ጓደኛው ሲያላግጥ፣ «ጾም ገባ ወይ?» ሲለው፣
«አቶ ካሳን» ይላል፣ «ቀለብ የምሰጠው»።

ነሐሴ ላይ ታዲያ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
ጣና ከዳሩ ወጥቶ፣ ጎርፍ ሲሆን መንገድ፣
ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ፣ ሳለ፣ ሳለና፣
ቆመ ከዓባይ ድልድይ፣ አልሄድም አለና።
መካኒኩ ከፍቶ ከንፈሩን መጠጠ፤
ይበልጣል ማታውን ደጃፌ ተቀመጠ።
አልጠየቀኝም።
እኔም አላልሁትም ምንም።
ቆርቆሮውን አምጥቼ በቢላዋ ቀደድሁት፣
እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ነጠላ ላይ ዘረገፍሁት።
ብሩ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ከእጄ ነው፣ ምን ላርገው፤
ሁለት ጊዜ ቢቆጥር፣ ሁለቴም ሳተው።

«የቬሎውን ውሰድ፣ የሚዜውን ጨምር፣
ድንኳኑንም ጠቅልል፤ ደግሞ አይበልህ ቅር።»
«ጥሩስ?» አለ ቀስ ብሎ።
«ጥር የትም አይሄድ፤
ባጃጅህ ናት እንጂ ቆማ ያለች መንገድ።»
አክስቴ ሰምታ ኖሮ፣ በመስኮት ብቅ ብላ፣
«ሠርግሽን ለሞተር? ምን ዓይነቷ ተላላ!
ከሠርግ ምን ይበልጣል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣
«ይበልጣል» አልኋት፤ የገባት አልመሰለኝ።

አንደኛው ጥር አለፈ። በሁለተኛው ጥር
የጎረቤት ልጅ አንጓች ቅዳሜ ስትዳር፣
«ድንኳኑን አትንቀሉት፣ እሑድ የኛ ነው» ብለን፣
ኪራዩን በግማሽ፣ አበባውን በነጻ አገኘን።
«አንጓችና ስንሻው» ይላል የድንኳኑ ጨርቅ፤
እንግዳው አንብቦ በላ፣ ጠጣ፣ በሳቅ።

ሊሞዚን የለንም፤ ባጃጇን አጠብናት፣
ከመስተዋቷ ላይ ሪባን ቋጠርንላት።
ቬሎው የተዋስሁት፣ ወገቡ የጠበበ፣
ጭራው ግን ሰፊ ነው፤ ሦስቱንም ወንበር ከበበ።
ስንት ዘመን በእግሬ! ዛሬ ግን ብቻዬን
ሦስቱን ወንበር ይዤ፣ ዘርግቼ ቬሎዬን፤
ነጂው ሙሽራው ነው፣ በከረባት ታንቆ፣
ሐይቁ በግራችን በፀሐይ ደምቆ።

ከማዞሪያው ጥግ ላይ አንዲት እናት ቆማ፣
«ገበያ ነህ?» አለች፣ ዘንቢሏን ተሸክማ።
የይበልጣል እግር፣ ልማድ ሆኖበት፣
ፍሬኑን ረገጠ፣ ሳያስብበት።
እኔም፣ አልዋሽም፣
ቬሎዬን ሰብስቤ
ጠጋ አልሁላት።